የአያት ምላጭ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከአያት የተወረሰ ተጣጣፊ ምላጭ በቤታችሁ ካለ ጣሉት አልልም። በሞረድ የተሳለ፣ በቆዳ ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ የታሸ ምላጭ ጺምን ከቆዳው እኩል ይቆርጣል። ድርብርብ ስለት ያላቸው የዛሬ መላጫዎች ግን ጸጉሩን ስበው ከቆዳ በታች ስለሚቆርጡት፣ የእኛ ጥቅልል ጺም ተመልሶ ወደ ውስጥ ይበቅልና አገጭና አንገት ላይ ሽፍታ ያወጣል። የአያት ምላጭ በዚህ በኩል ይበልጣል። ስለ ምላጩ የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

«የአንድ ቤት ሰዎች ነን፣ ደማችን አንድ ነው፤ ምን ይጋባብናል?»

ተረት ነው፤ ከሁሉም የሚጎዳውም ይኸው ነው። የኤች አይ ቪ ትምህርት ስለታም ነገር በጋራ እንዳንጠቀም አስተምሮናል። ጸጉር ቤት ስንገባ አዲስ ምላጭ እናስቀድዳለን፤ ቤታችን ስንመለስ ግን አባት በተላጨበት ልጅ ይላጭበታል፣ የሕፃናቱም ራስ በዚያው ይላጫል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከኤች አይ ቪ ይልቅ በቀላሉ ይተላለፋል። ለዓይን በማይታይ የደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። እሑድ አባት የተላጨበት ምላጭ ለቅዳሜም አደገኛ ነው ማለት ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ስለሚችል «አባባ ጤነኛ ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም። አዋቂ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያስወግደዋል፤ በጨቅላነቱ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10 ዘጠኙ ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል፤ ከዓመታት በኋላም የጉበት ካንሰር ሊያመጣበት ይችላል። የልጅን ራስ በቤተሰብ ምላጭ መላጨት የምር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

«በፈላ ውሃ ከተነከረ ንጹሕ ነው»

ከፊሉ እውነት ነው፤ እንደ ባሌ ባለ ከፍተኛ አገር ግን ይበልጥ ይጎድላል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ጎባ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሮቤም ብዙ አይሻልም። ሳነቴ አምባ ላይ ከ87 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ ለቆላ የተነገረው የ20 ደቂቃ ቅቀላ ለደጋ አይበቃም፤ መርዘም አለበት። ለሻይ የፈላውን ውሃ ምላጩ ላይ አፍስሶ ማንሳትማ እጥበት እንጂ ሌላ አይደለም። ሆስፒታል መሣሪያውን በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ የሚያደርሰው በከንቱ አይደለም። በተጨማሪም የብዙ አሮጌ ምላጮች እጀታ ከቀንድ የተሠራ ነው። ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ዋንጫ ሠሪዎች ይህን ያውቁታል። ምላጩን ደጋግማችሁ ብትቀቅሉት እጀታው ይጣመማል።

«እሳት ወይም አረቄ ሁሉን ይገድላል»

ጸጉር ቤት ውስጥ ቶንዶሱን አልኮል ነክተው ክብሪት ሲጭሩበት አይታችኋል። ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነበልባል ብረቱን በሚገባ አያሞቀውም። ምላጩን ፍም ላይ ብትይዙት ደግሞ ስለቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ጥንካሬውን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሳልም ቶሎ ይደንዛል። ጀርም ለመግደል የሚያገለግለው አልኮል ከ60 እስከ 80 ከመቶ ነው፣ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። የቤት አረቄን ግን ስንት ከመቶ እንደሆነ ለክቶ የሚጠቀም ብዙ የለም። በረኪና የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ይገድላል፤ ብረቱን ግን ይበላዋል።

«መንጋጋ ቆልፍ የሚመጣው ከዝገት ነው»

ዝገት በራሱ መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) አያመጣም። የባክቴሪያው ዘር ያለው በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ነው፤ እንደ ባሌ ፈረስ በሚበዛበት አገር ደግሞ ፋንድያ ከደጅ አይጠፋም። የሚያብረቀርቅ ምላጭም መሬት ወድቆ ከነካው ሊሸከመው ይችላል። የዛገ ምላጭ ግን ቆዳን ይቦጭቃል፣ ቆሻሻም በጎድጓዳው ይይዛል፤ ስለዚህ አይላጩበት። መከላከያው ክትባት ነው።

«በምላጭ የተላጨ ጺም ይወፍራል» የሚለውም ተረት ነው። የተቆረጠው ጫፍ ደንዳና ስለሚሆን ይሻክራል እንጂ ከሥሩ አይለወጥም።

እንግዲህ የአያታችሁን ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ ስጡት፤ ለወራሹ። እሱም በተላጨ ቁጥር በሳሙና ይጠበው፣ በ70 ከመቶ አልኮል ይጥረገው፣ አድርቆ ዘይት ይቀባው። ለቀሩት፣ በተለይ ለልጆቹ፣ በየጊዜው አዲስ ምላጭ ይገዛላቸው። እስከ ዛሬ በአንድ ምላጭ ስትላጩ የኖራችሁ ካላችሁ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ። ሀገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ብዙዎቻችሁ አልተከተባችሁም። ምርመራው ነፃ መሆናችሁን ካሳየ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት ጀምሩና ጨርሱ።