ከመኪና በር የተላቀቀውን የውጭ ጌጥ ስለ መመለስ

በመኪና በር ላይ በርዝመት የሚዘረጋው የፕላስቲክ ወይም ክሮም የተቀባ ጌጥ ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ አጠገብ የቆመ መኪና በሩን ሲከፍት የሚደርሰውን ግጭት ተቀብሎ ቀለሙን ከመላጥ ያድናል። ይህ ጌጥ በተላቀቀ ጊዜ ባለመኪናው ወደ መለዋወጫ ዕቃ መደብር ይመጣል። ነጋዴው የሚሰጠው ዕቃና ምክር ትክክለኛ ያልሆነ እንደ ሆነ ጌጡ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይወድቃል፤ ገዥውም የሚወቅሰው ሻጩን ነው።

አስቀድሞ ጌጡ በምን ተይዞ እንደ ነበረ መመርመር ያስፈልጋል። በክሊፕ የተያዘ ከሆነ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ክሊፕ መተካት ነው እንጂ፥ በሩን በስቶ በብሎን ማሰር አይገባም፤ አዲስ ቀዳዳ ውሃ አስገብቶ ዝገትን ያመጣልና። በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ግን ተስማሚው ለመኪና የውጭ አካል የተሠራው፥ በሁለት ወገን የሚያጣብቀው ለስላሳ የአክሪሊክ ቴፕ ነው። ቶሎ የሚደርቀው ፈሳሽ ሙጫ ሲደርቅ አይተጣጠፍም፤ ብረትና ፕላስቲክ ደግሞ በፀሐይ ሙቀት እኩል አይለጠጡም። ስለዚህ ሙጫው በሙቀቱና በመንገዱ መንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል፤ ሲነሣም ቀለሙን ይዞ ሊነሣ ይችላል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የአሮጌው ማጣበቂያ ትራፊ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ ቀለም በማይቧጭር ፕላስቲክ ይነሣል። ቀጥሎ በሩም ጌጡም እኩል በተደባለቀ አይሶፕሮፒል አልኮልና ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋሉ። ናፍጣ የቅባት ሽፋን ስለሚተው ለዚህ ሥራ አይሆንም። የጌጡ መስመር በወረቀት ቴፕ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ጌጡ ይለጠፋል፤ ከዳር እስከ ዳርም በእጅ በብርቱ ይጫናል።

ለዚህ ዓይነት ቴፕ የሚስማማው ሙቀት ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፥ ከ10 ዲግሪ በታች መለጠፍ አይመከርም። ስለዚህ በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳም ማለዳዎች ሥራውን እስከ ረፋድ ማቆየት ይሻላል። ማጣበቂያው በ20 ደቂቃ የኃይሉን ግማሽ ያህል፥ በ24 ሰዓት 90 በመቶ ያህል፥ በ72 ሰዓት ደግሞ ሙሉውን ያገኛል። እንግዲህ መኪናው በዚያው ዕለት መታጠብ የለበትም።

አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ የቴፑን ጥቅል ከፀሐይና ከአቧራ ርቆ ደረቅ በሆነ ቦታ ሊያኖረው፥ የተሠራበትንም ቀን ተመልክቶ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ሊሸጥ ይገባዋል። የአንድ ጥቅል ዋጋ በሩን እንደገና ከማስቀባት ወጪ እጅግ ያነሰ መሆኑን ለገዥው ማስረዳትም ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።