የጉልበት ሥራ በዳሌ

ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ወደ ሒልተን የሚወስደው መንገድ ዳገት መሆኑ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስንቸኩል ነው። ባለፈው ሰሞን ከፊቴ ይወጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ግን እያንዳንዷን እርምጃ አስበው ነበር የሚራመዱት። ቀኝ እግራቸውን ለማሳለፍ በግራ እግራቸው ጣቶች ብድግ ይላሉ፤ ቀኙ መሬት ሲረግጥ ደግሞ ትከሻቸው ወደዚያው ዘንበል ይላል። ደረስኩባቸውና ሰላም ተባባልን። ቀኙ ሰው ሠራሽ ነው፤ የተቆረጠው ከጉልበት በላይ።

"ያነክሳሉ" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲያ ብዬ አልፌያለሁ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እያንዳንዱ ዘንበል ማለት ምክንያት አለው።

አማርኛ መገጣጠሚያውንም ብርታቱንም "ጉልበት" ይላል። እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ጉልበቱ አለው። ከበላይ የተቆረጠበት ግን ማጠፊያውንም፣ ማጠፊያውን ያዝዝ የነበረውን የጭን ጡንቻ ሥራም አጥቷል። ሰው ሠራሹ ጉልበት በተራ ዓይነቱ ማንም የማያዝዘው ማጠፊያ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ሊታጠፍ ይችላል፣ ጉልበት ከዳ ማለት ያኔ ነው። ስለዚህ ተራማጁ ተረከዙ መሬት እንደነካ የቀረውን ጭኑን በዳሌው ጡንቻ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ከሶኬቱ (የተቆረጠው ጭን ከሚገባበት ማቀፊያ) ግድግዳ ጋር አጣብቆ፣ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። የጉልበት ሥራ ወደ ዳሌ ተዛወረ። ቴክኒሻኑም ያግዘዋል፦ እግሩን ሲገጣጥም ማጠፊያውን ክብደቱ ከሚወርድበት መስመር በጥቂቱ ወደ ኋላ ያደርገዋል፤ ሰው ሲቆምበት በራሱ እንዲቀና።

የትከሻው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ እግር ስንቆም ወገባችን እንዳይወድቅ የሚይዙት የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ናቸው። የተቆረጠ ጭን አጭር ስለሆነና በሶኬት ውስጥ ስለሚወዛወዝ እነሱ የሚደገፉበት ጠንካራ ነገር ያጣሉ፤ ሰውዬው ገላውን ወደ ሰው ሠራሹ እግር ጥሎ ሚዛኑን ይገዛል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮበርት ዋተርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ጥናት እኔን ያስገረመኝ ነገር አለው። በአደጋ ምክንያት ከጉልበት በላይ የተቆረጡ ሰዎች ልባቸው በፈቀደው ፍጥነት ሲራመዱ በደቂቃ 52 ሜትር ገደማ ሄዱ፤ ሁለት እግር ያለው ሰው 82 ገደማ ይሄዳል። ለአንድ ሜትር የሚፈጁት ኦክስጅን ከሌላው ሰው ከግማሽ በላይ ይጨምራል። በደቂቃ ሲሰላ ግን ተቀራራቢ ነው። እግር ያጣው ሰው የሚዘገየው ትንፋሹ ልክ እንዲሆን ነው፤ ገላው ማንም ሳይነግረው ዋጋውን ተምኖታል። ዳገት ላይ ያው ሒሳብ ይከብዳል፣ ቁልቁለት ደግሞ በሌላ መንገድ ያስቸግራል፤ ጉልበቱ በየእርምጃው ለመታጠፍ ይፈልጋልና። ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ሰው ሠራሹ።

ሰው ሠራሽ እግር የመሥራትን ሙያ በአፍሪካ ለማስፋፋት አዲስ አበባ ድርሻ ነበራት። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቋቋመው የአካል ጉዳተኞች ልዩ ፈንድ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቴክኒሻኖችን እዚህ አሰልጥኗል፤ ዋናው ጥሬ ዕቃ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ርካሽ ፕላስቲክ ነው፤ በምድጃ ለስልሶ በጀሶ ቅርጽ ላይ ይወጠራል። እግሩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ የሚራመድበት ቦታ ጉዳይ ይመጣል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖር አዝዞ ነበር። የካዛንቺስ ዋና ጎዳና የእግረኛ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቷል፤ በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ ግን ኮብልስቶን አለ፣ ሰው ሠራሽ እግር ደግሞ መሬቱን አይሰማም።

ሒልተን ጋ ስንደርስ ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ "ወደ ኋላ ጠጋ በሉ" ቢልም እሳቸው ጋቢና ገቡ፤ ሹፌሩ ያውቃቸው ኖሮ "ይግቡ፣ አባባ" አላቸው።

"ጋሼ፣ እዚያ ይመችዎታል?" አልኳቸው ከኋላ።

"ዳገቱ ላይ ቆልፌው ነበር፣ ልጄ። ሳልፈታው ከኋላ ብቀመጥ ለመንገደኛ እንቅፋት ነው የምሆነው።" ሱሪያቸው ላይ እጃቸውን አኖሩ፣ የጉልበቱን መቆለፊያ የምትፈታውን ቀጭን ገመድ ሳብ አደረጉ፤ ቀጭ አለና እግሩ ታጠፈ።

መውረጃቸው ገና ሳይደርስ "ወራጅ አለ" አሉ፣ ረዳቱ ደግሞ "ገና ነው፣ አባባ!" አለ። እሳቸው እግሩን መዘርጋት ጀምረው ነበር።