ሴቶች የተጫወቱባቸውና የተመኟቸው የጎልፍ ሜዳዎች

እናቶችና እኅቶች! በዚህ አምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት አያያዝና በሥራ ቦታ ስለሚያጋጥሙ ችግሮች ማንበብ የለመዳችሁ በመሆኑ፣ ዛሬ ስለ ጎልፍ ሜዳ ልናጫውታችሁ ስንነሣ «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ጎልፍ የባለጸጎች መዝናኛ ነው ሲባል ኖሯል፤ በብዙ ቦታም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የታወቁትን ሜዳዎች ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመረምር፣ ዓሣ በጀርባዋ ተሸክማ የምትሸጥ ሴት፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ቤት ጠባቂ ሆና የምትቀር ሚስት፣ እንዲሁም ሌሊት በጥበቃ ሥራ አድሮ ቀን ሜዳ የሚያለማ አባት እናገኛለን። ስለዚህ ነገሩ እናንተንም የሚመለከት ነው። ሴት ልጅ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ የራሷ የሆነ ጥቂት ሰዓትና የምትጫወትበት ሜዳ ይገባታል ወይስ አይገባትም? የጽሑፋችን ጥያቄ ይኸው ነው።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። የገና ጨዋታ ያየ ሰው ጎልፍን ለመረዳት አይቸገርም። በሁለቱም ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ፤ በሁለቱም የምትመታ ትንሽ ኳስ አለች። ልዩነቱ ገና በሁለት ቡድን መካከል በግፊያና በሩጫ የሚካሄድ ሲሆን፣ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ እየመታና እየተከተለ፣ በሣር መስክ ላይ ተራርቀው በተቆፈሩ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ ማስገባት አለበት። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። አንድ ሙሉ ጨዋታ አራት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ተጫዋቹ በእግሩ ከሄደ ሰባትና ስምንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዱሮው ገና ሩሯን የሚያሳድዱት ወንዶች፣ ዳር ቆመው የሚመለከቱት ደግሞ ሴቶች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በጎልፍም ዘንድ ነገሩ ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር። ሆኖም ከዳር ሆነው ማየቱን ያልተቀበሉ ሴቶች ከጥንትም አልጠፉም።

የዓሣ ሻጮቹ ሜዳ

የመጀመሪያው ሜዳችን በስኮትላንድ፣ ከኤዲንብራ ከተማ በስተምሥራቅ ባለችው መስልበራ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ይገኛል። የዚያች ከተማ ዓሣ ሻጭ ሴቶች ባሎቻቸው ያጠመዱትን ዓሣ በትልልቅ ቅርጫት ሞልተው በጀርባቸው እየተሸከሙ እስከ ኤዲንብራ ድረስ በእግራቸው በመጓዝ ይሸጡ ነበር። እንጨትና አትክልት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱትን የእኛን እናቶች ላየ ሰው ይህ ኑሮ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1790ዎቹ ዓመታት ስለ አካባቢው የጻፉ አንድ ቄስ እነዚህ ሴቶች የወንድ ሥራ እንደሚሠሩና ጉልበታቸውም ከሥራቸው ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ከገለጹ በኋላ፣ በበዓል ቀን ጎልፍ እንደሚጫወቱ መስክረዋል። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ያገቡትና ያላገቡት ሴቶች የእግር ኳስ ግጥሚያ ያደርጉ እንደነበረና ሁልጊዜም የሚያሸንፉት ያገቡት እንደሆኑ ጽፈዋል! «ካገቡ ወዲያ ጨዋታ የለም» ለሚሉ ሁሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ቀጥሎም በታኅሣሥ 1810 እ.ኤ.አ. የከተማዋ የጎልፍ ክለብ አባላት ገንዘብ አዋጥተው በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን በጎልፍ ለምትበልጠው ዓሣ ሻጭ አዲስ ቅርጫት እንዲሸለም፣ ለተከታዮቿም የሐር መሐረብ እንዲሰጥ ወሰኑ። በጽሑፍ ከሚገኙት የሴቶች የጎልፍ ውድድር መረጃዎች ሁሉ ቀደምት ነው የሚባለው ይኸው ነው። ሽልማቱን ልብ በሉ፤ የድካም ዕቃዋ የነበረው ቅርጫት የክብር ዕቃዋ ሆነ። ባለ 9 ጉድጓዱ የመስልበራ አሮጌ ሜዳ ዛሬም በፈረስ መሮጫው መካከል ይገኛል።

ክንድ ከትከሻ በላይ እንዳይነሣ

ሁለተኛው ሜዳ በዓለም እጅግ የታወቀው፣ በዚያው በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ ነው። የጎልፍ ጉድጓዶች ቁጥር 18 ሆኖ መለመዱ የመጣው በዚህ ሜዳ ከ1764 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ለውጥ ነው። መሬቱ የግል ሳይሆን የሕዝብ ነው። እሑድ እሑድ ጨዋታው እንደ ልማድ ስለሚቋረጥ የከተማው ነዋሪ ልጆቹን ይዞ በዚያው ሣር ላይ ይንሸራሸራል።

ታዲያ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው አስተሳሰብ ሴት ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ ብታነሣ ነውር ነው የሚል ነበር። በመሆኑም በ1867 እ.ኤ.አ. የሴቶች ክለብ ሲቋቋም የተሰጣቸው ቦታ ኳስን በቀስታ እየገፉ ወደ ጉድጓድ ማስገባት ብቻ የሚቻልበት ትንሽ መስክ ሆነ። ከፍና ዝቅ የሚል በመሆኑ «ሂማሊያ» ይባላል። ሴቶቹ ግን የተሰጣቸውን ትንሽ ቦታ አልናቁም፤ አጥብቀው ያዙት። ክለቡ እስከ ዛሬ አለ። በአነስተኛ ዋጋ ማንም ሰው ልጆቹን ይዞ ገብቶ የሚጫወትበትም ሜዳ ሆኗል።

ከዚያው ሜዳ ጎን በ1754 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ታላቁ የወንዶች ክለብ ግን ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ነው። 260 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በአሮጌው ሜዳ የሙያ ጎልፍ ተጫዋች ሴቶች ታላቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውም በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያሸነፈችው የሜክሲኮዋ ሎሬና ኦቾዋ ናት።

እናትና ልጅ በአንድ ሜዳ

ሦስተኛው ሜዳ ከፓሪስ በስተሰሜን በኮምፒየን ይገኛል። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈሉበት በ1900 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች የጎልፍ ውድድር የተደረገው እዚህ ነበር። በዚያን ጊዜ ማርጋሬት አቦት የተባለች ሥዕል ለመማር ወደ ፓሪስ የሄደች አሜሪካዊት ወጣት ተመዝግባ ተወዳደረች። እናቷ ሜሪ አቦትም «እኔ ያረጀሁ ነኝ» ብለው አልቀሩም፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ውድድር ከልጃቸው ጋር ዱላ ይዘው ተሰለፉ። ልጅቷ ዘጠኙን ጉድጓድ በ47 ምት ጨርሳ አንደኛ ወጣች፤ እናትዬውም በ65 ምት ጨረሱ። ማርጋሬት በኋላ ስለ ድሏ ስትናገር፣ አንዳንዶቹ ተወዳዳሪዎች ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማና ጠባብ ቀሚስ ለብሰው መምጣታቸው ለእርሷ እንደረዳት ገልጻለች።

የሚያሳዝነው ግን የዚያ ዘመን ዝግጅት የተዝረከረከ ስለነበረ፣ ማርጋሬት አቦት በ1955 እ.ኤ.አ. እስካረፈችበት ቀን ድረስ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን መሆኗን ሳታውቅ ቀርታለች። የሴቶች ጎልፍም ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰው በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው። ለካስ የሴት ድል በወቅቱ ካልተመዘገበላት ከራሷም ሊሰወር ይችላል!

የእሑድ ቤት ጠባቂዎች

አራተኛው ሜዳ በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው ላንግስተን ነው። በዚያች ከተማና በአካባቢዋ በርካታ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ስሙን የሰሙ አይጠፉም። በ1937 እ.ኤ.አ. ሔለን ዌብ ሐሪስ በተባሉ የትምህርት ሰው ቤት 13 ጥቁር ሴቶች ተሰባሰቡ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሎቻቸው የጎልፍ ክለብ አባላት ነበሩ። ባል በዕረፍት ቀን ዱላውን ይዞ ሲሄድ ሚስት ቤት ውስጥ የምትቀርበት ልማድ ሰልችቷቸው ነበርና በዱር አበባ ስም «ዌክ ሮቢን» ያሉትን ክለብ መሠረቱ።

ነገር ግን በቤታቸው ካለው ልማድ የባሰ ሌላ እንቅፋት ነበረባቸው። በከተማዋ ያሉት ደኅና ደኅና የሕዝብ ሜዳዎች ለነጮች ብቻ የተከለሉ ነበሩ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ክለብ ጋር ሆነው ለሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሐሮልድ ኢክስ አቤቱታ አቀረቡ። በውጤቱም በ1939 እ.ኤ.አ. በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ዱሮ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ቦታ ላይ ባለ 9 ጉድጓዱ የላንግስተን ሜዳ ተከፈተ። «ለእናንተ ይበቃችኋል» የተባለ ይመስል ነበር፤ እነርሱ ግን በዚህ አልረኩም። ትግሉ ቀጥሎ በ1941 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም እንዲከፈቱ ሚኒስትሩ አዘዙ። ትእዛዝ ወጣ ማለት ስድብና ትንኮሳ ቀረ ማለት ባይሆንም፣ ሴቶቹ በተመኙት ሜዳ ላይ ለመቆም በቅተዋል።

ቤተሰብ የሠራው ሜዳ

አምስተኛው ለዚህ አምድ ከሁሉ የሚቀርበው ነው። ዊልያም ፓወል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመቶ በእንግሊዝ አገር ሳለ ጎልፍ በነፃነት ተጫውቶ ነበር። ወደ ኦሃዮ ሲመለስ ግን ሜዳዎቹ ተዘጉበት፤ ለዘማቾች ተፈቅዶ የነበረውንም ብድር ከለከሉት። «እንግዲያው የራሴን እሠራለሁ» አለ። ሁለት ጥቁር ሐኪሞች ገንዘብ አዋጡ፤ ወንድሙ ቤቱን አስይዞ ተበደረለት። በ1946 እ.ኤ.አ. የወተት ላም ይረባበት የነበረ የእርሻ መሬት ተገዛ። ዊልያም ሌሊት በፋብሪካ ጥበቃ እየሠራ፣ ቀን ከባለቤቱ ከማርሴላ ጋር ድንጋይ እየለቀመና የሣር ዘር በእጁ እየበተነ ሜዳውን አለማ። በ1948 እ.ኤ.አ. «ክሊርቪው» ተብሎ ለማንኛውም ሰው፣ ያለ ቀለም ልዩነት ተከፈተ።

ሴት ልጃቸው ሬኔ በሦስት ዓመቷ ዱላ ያዘች። በ1967 እ.ኤ.አ. በሴቶች የሙያ ጎልፍ ማኅበር ውድድር ከተሰለፉት ጥቁር ሴቶች ሁለተኛዋ ሆነች፤ የመጀመሪያዋ የቴኒሷ ሻምፒዮን አልቲያ ጊብሰን ነበረች። ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ቀደም ብለን ያነሣነው የሴንት አንድሩስ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን በክብር አባልነት ሲቀበል ሬኔ ፓወል አንዷ ነበረች። አባቷ በማይገባበት ሜዳ ፋንታ በእጁ ሜዳ ሠራ፤ ልጁ ደግሞ በታላቁ በር ገባች።

ዘግይተው የተከፈቱ በሮች

ሴቶች ለረጅም ጊዜ ሲመኟቸው ከኖሩት ሜዳዎች መካከል ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። በአሜሪካ ጆርጂያ የሚገኘው የኦጋስታ ክለብ በ1933 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴት አባላት፣ ኮንዶሊዛ ራይስንና ዳርላ ሙርን፣ የተቀበለው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የሴቶች አማተር ውድድር የመጨረሻ ዙር በዚያ ሣር ላይ የተካሄደውም በ2019 እ.ኤ.አ. ሆነ። በስኮትላንድ የሚገኘው የሙርፊልድ ክለብ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ ሴቶችን ለመቀበል የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳይሞላ ቀረ። የታላቁ ውድድር አዘጋጆች ወዲያውኑ «እንግዲህ ውድድሩ ወደ እናንተ አይመጣም» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ድምፁ ሞላ! በ2022 እ.ኤ.አ. በዚያው ሜዳ በተደረገው የሴቶች ውድድር ያሸነፈችው የአፍሪካ ልጅ፣ የደቡብ አፍሪካዋ አሽሊ ቡሃይ ናት።

የእናንተስ ሜዳ?

እናቶችና እኅቶች! የጎልፍ ሜዳ ይሠራልን ማለታችን አይደለም። አንድ ሙሉ ሜዳ 50 ሄክታርና ከዚያም በላይ መሬትና ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ከተሞቻችን ከዚያ የሚቀድም ጉዳይ አላቸው። ከእነዚህ ሴቶች ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ግን ከቤታችን ሊጀመር የሚችል ነው።

አንደኛ፣ የቤቱ የዕረፍት ሰዓት ለማን እንደሚደርስ በግልጽ ተነጋገሩ። አባወራው እሑድ ከጓደኞቹ ጋር የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ለእናትየዋም እንዲሁ የተለየ ጊዜ ይኑራት፤ በዚያም ሰዓት ልጆቹን የሚይዘው እርሱ ይሁን። ሁለተኛ፣ ወንድ ልጃችሁ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ሴቷን ወደ ዕቃ ማጠብ አትላኳት፤ ሥራውም ጨዋታውም ለሁለቱ ይከፈል። ሦስተኛ፣ ትንሽ ቦታ ብትሰጣችሁ አትናቋት። የቀበሌ ግቢ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ጠዋት መኪና የማይበዛበት መንገድ ለእግር ጉዞና ለገመድ ዝላይ ይበቃል። አራተኛ፣ እንደ ሜሪ አቦት ከልጃችሁ ጋር ተሰለፉ። እናቷ ስትጫወት ያየች ልጅ፣ ሴት ስታገባ ጨዋታ ያበቃል ብላ አታድግም።

የመስልበራዋ ዓሣ ሻጭ ቅርጫቷን ያወረደችው ዓሣው ሁሉ ተሽጦ፣ የቤቱ ሥራ ሁሉ ተሟልቶ አልነበረም። የቤት ሥራ መቼም አያልቅም። በዓሉ ደረሰ፤ ቅርጫቷን አስቀመጠች፤ ዱላዋን አነሣች። እናንተስ በዚህ ሳምንት ቅርጫታችሁን የምታወርዱት በየትኛው ቀን ነው?