ባል ሊኑክስ አለ፣ ሚስት ዊንዶውስ አለች… ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነው!

ትዳር የሚያናጋው ሁልጊዜ ገንዘብና አማት አይደለም። አንዲት የአርባ ምንጭ አንባቢዬ የጻፈችልኝ ስለ ላፕቶፕ ነው። ሲቀላ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ ትተዳደራለች፤ ማመልከቻው፣ ውሉ፣ የእድር ደንቡ ሁሉ በፓወር ግዕዝ ይተየባል። የቤቱ አስቤዛ ከዚሁ ነው። ባሏ ደግሞ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሜትዎሮሎጂ ይማራል። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያስፈልገው ደብሊው አር ኤፍ የሚባለው የአየር ጠባይ ሞዴል ሊኑክስ ይፈልጋል። «ዊንዶውሱን ላጥፋው» ይላል ባል። «እንጀራዬንስ?» ትላለች ሚስት። ሁለተኛ ላፕቶፕ መግዣ የለም።

ባልየው «ሊኑክስም እኮ አማርኛ ይጽፋል» ብሏታል አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ስለገባ ዛሬ በሁሉም ላይ ይጻፋል። ነገር ግን በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ የደንበኛ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ፕሮግራሙም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ያንቺ ስጋት ተራ ጭቅጭቅ አይደለም!

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለቱም ጎን ለጎን ይኑሩ። (ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ ማስኬድም ይቻላል፤ ባለ 4 ጊጋ ሜሞሪ ላፕቶፕ ላይ ግን አልመክርም፣ ይታፈናል።)

ከሁሉ በፊት ሰነድሽን በሙሉ ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ይህ ሳይሆን ባልሽ እንዳይነካው! ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉት። ከዚያ ዊንዶውሱ ሳይነካ፣ በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተካከያ በኩል ቦታ ይቀነስለታል። ለኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋ ያስፈልጋል፤ የሞዴሉ ዳታ ቦታ ስለሚበላ እኔ 100 ጊጋ እላለሁ። የዊንዶውስ «ፈጣን ማስነሻ» የሚባለው ይጥፋ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ በደንብ ሳይዘጋ ያድርና ባልሽ ከሊኑክስ በኩል ያንቺን ክፍል ፋይል ሊያስቀምጥበት አይችልም። ቀጥሎ ኡቡንቱን በ8 ጊጋ ፍላሽ መጫን ነው። ሲጠይቅ «ከዊንዶውስ ጎን» የሚለውን ይምረጥ፤ «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ከነካ ግን ሥራሽ ሁሉ ሄደ ማለት ነው።

መብራትስ? በመሀል ከጠፋና ባትሪው ደካማ ከሆነ የዲስኩ ክፍልፋይ ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው ሞልቶ፣ ያውም ጠዋት ቢሠራ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር «የቱን ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃል። የጋራ ፋይል በዊንዶውሱ ክፍል ይቀመጥ፤ ሊኑክስ የዊንዶውስን ያነባል፣ ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን እንዲሁ አያነብም። ያንቺው ዊንዶውስ 10 ነው ብለሽኛል። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ኢንተርኔቱን በሊኑክስ በኩል ብትጠቀሙ ይመረጣል።

አንዲት ነገር ልጨምር። ባልሽ ሲሠራ አምሽቶ አንቺ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስትከፍቺው ዊንዶውሱ ገና ንጋት 12 ሰዓት ነው ቢልሽ፣ «አበላሸህብኝ!» ብለሽ እንዳትጮሂበት። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚይዝ ነው፤ የኛ ደግሞ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ሊኑክሱ የአገር ቤቱን ሰዓት እንዲይዝ በአንድ ትእዛዝ ያስተካክለዋል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።