በርሜሉ ለምን ሸተተ? የጓዳ ትርፍራፊ አፈር የሚሆንበት ኬሚስትሪ

ከለገሃር አሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ የጋራ ግቢ ውስጥ፣ ይህ ጸሐፊ በአንድ የሐምሌ ወር ለውኃ ማጠራቀሚያ ያገለግል የነበረ የፕላስቲክ በርሜል አቁሞ የጓዳ ትርፍራፊ ማከማቸት ጀመረ። የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የሻገተ እንጀራና የቡና አተላ በየቀኑ ገባበት። ዓላማው በግቢው ጥግ ጎመንና ቃሪያ የሚበቅልበትን ብስባሽ ማዘጋጀት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው መጡና «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ምን ሞቶብህ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ክዳኑ ሲነሣ ጥቁርና የሚያሟልጭ ዝቃጭ ታየ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ግቢውን ሞላው።

ለመሆኑ በርሜሉ ውስጥ ምን ተፈጠረ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከዚያ ግቢ አልፎ መላዋን አዲስ አበባን የሚመለከት ነው።

የሞተ የዕፅዋት አካል ሁሉ የደቂቅ ዘአካላት ምግብ ነው። ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ስታርቹን፣ ሴሉሎሱንና ፕሮቲኑን ሰባብረው ኃይል ያገኙበታል። ይህን ተግባር የሚፈጽሙባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ኦክሲጅን በበቂ መጠን ካለ ምግቡ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ድረስ ይፈራርሳል፤ ብዙ ሙቀትም ይወጣል፤ ሽታ ግን እምብዛም የለም። ኦክሲጅን ከሌለ ሥራው ለሌሎች ባክቴሪያዎች ይተላለፋል። እነዚህ ምግቡን በከፊል ብቻ ሰባብረው የሚኮመጥጡ አሲዶችን ይተዋሉ፤ ድኝ ካለበት ቁስ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣሉ። ሽንኩርት ድኝ የበዛበት አትክልት መሆኑን ስናስታውስ የበርሜላችን ጠረን ከየት እንደመጣ ግልጽ ይሆናል። በመጨረሻም ኦክሲጅን ባለበት መኖር የማይችሉ ደቂቅ ዘአካላት ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫሉ።

በርሜሉ ክዳን ነበረው፤ የክረምቱ ዝናብ ግን በክዳኑ ዙሪያ ይገባ ነበር፤ ልጣጩም ራሱ አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው። ውኃው በቁሱ መካከል የሚገኙትን ክፍተቶች ሞላ። ኦክሲጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀርፎ ነው። ስለዚህ ልጣጩ የበሰበሰው ሰጥሞ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ ከአንድ ግቢ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ከለገሃርና ከካዛንቺስ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ በሰብሳቢ ማኅበራት ጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳውም በመኪና ተጭኖ ለአሥርተ ዓመታት ሲጓዝ የኖረው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው ረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ወደሚለው ሥፍራ ነው። ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው በስባሽ ነው። በቁልል ሥር ሲቀበር የሚደርስበት በበርሜላችን የደረሰው ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ሥራ ቢጀምርም የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙት ከጥቂት ወራት በኋላ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ቁልሉ ተደርምሶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ለአደጋው አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ተገቢ አይደለም። ሆኖም በቆሻሻ ክምር ውስጥ የሚጠራቀም ፍሳሽና ጋዝ የክምሩን መያያዝ እንደሚያዳክም የዘርፉ መሐንዲሶች ያውቁታል። ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የበለጠ ምድርን የማሞቅ ኃይል እንዳለውም ልብ ይሏል።

አንድ ቤተሰብ በቀን አንድ ኪሎ ልጣጭና ትርፍራፊ ይጥላል ብለን እናስብ። አሥራ ሁለት አባወራ ባለበት ግቢ ይህ በዓመት ከ4 ቶን በላይ ይሆናል። ያን ያህል ቁስ ከግቢው ሳይወጣ አፈር ሊሆን ይችል ነበር።

በርሜሉን ለማዳን የተደረገው ጥረት ብዙ ወጪ አልጠየቀም። በጋለ ሚስማር ጎኑና ታቹ ተበሳ፤ ዝቃጩ ተገልብጦ ከደረቅ ነገር ጋር ተደባለቀ። በአካባቢው ደረቅ ነገር ሞልቷል። ከእንጨት ሥራ ቤት በነፃ የሚገኝ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የደረቀ ቅጠል፣ በጫት መሸጫዎች ደጃፍ የሚከመረው ገረባ ሁሉ ለዚህ ይውላል። ደረቁ ነገር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው አየር የሚገባበትን ክፍተት መጠበቁ ነው። ሁለተኛው ኬሚስትሪ ነው፤ ደቂቅ ዘአካላት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ በሚገባ ይሠራሉ። በአትክልት ልጣጭ ውስጥ ካርቦኑ ከ15 እስከ 20፣ በቡና አተላ 20 ያህል ነው። በሰጋቱራ ውስጥ ግን በመቶዎች ይቆጠራል። ናይትሮጅኑ ከበዛ ትርፉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ካርቦኑ ከበዛ ደግሞ ክምሩ ለወራት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። በቤት ውስጥ ሚዛን ስለሌለ፣ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ መጨመር ጥሩ መነሻ ነው። እርጥበቱንም በእጅ መለካት ይቻላል። ከክምሩ አንድ ጭብጥ ተወስዶ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ትክክል ነው፤ ውኃው ከፈሰሰ ግን ሰጋቱራ ያስፈልገዋል።

ሽታው በአምስት ቀን ውስጥ ጠፋ። ሆኖም ሌላ ችግር ታየ፤ በርሜሉ ለብ ከማለት አልፎ አልሞቀም። በኋላም ብስባሹ ከተበተነበት መደብ ማንም ያልዘራው ቲማቲም በብዛት በቀለ፤ ዘሩ ሳይሞት አልፏል ማለት ነው። ምክንያቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያሰላው የሚችል ጂኦሜትሪ ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ሣጥን ለ1 ሜትር ኩብ ቁስ 6 ሜትር ካሬ ገጽ አለው። ጎኑ ግማሽ ሜትር የሆነው ግን ለዚያው መጠን ቁስ 12 ሜትር ካሬ ገጽ ይኖረዋል። ሙቀት የሚመነጨው በይዘቱ፣ የሚባክነው በገጹ በኩል ስለሆነ ትንሹ ክምር ያመረተውን ወዲያው ይበትናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት፣ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ይህን ሊቋቋም አልቻለም።

እንግዲህ ትልቅ ክምር ያስፈልግ ነበር፤ ትልቅ ክምር ደግሞ በአንድ ቤት ልጣጭ አይሞላም። መስከረም ሲጠባ ጎረቤቶች ከአሮጌ ጣውላ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፍት ሣጥን ሠሩ። ጊዜው የበዓል ሰሞን መሆኑም ጠቀመ። በየቤቱ ተጎዝጉዞ የነበረው ቄጤማ ተሰበሰበ፤ የታረደው በግ ፈርስም በክምሩ መካከል ተቀብሮ በሰጋቱራ ተሸፈነ። ፈርስ በናይትሮጅን የበለጸገ ከመሆኑም በላይ ሴሉሎስን የሚፈጩ ደቂቅ ዘአካላት የሞሉበት ነው። ከአራት ቀን በኋላ አንድ ቁራጭ ፌሮ ወደ ውስጥ ተሰክቶ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ በእጅ ሊያዝ አልተቻለም። ያን ጊዜ «ምን ሞቶብህ ነው?» ብለው የነበሩት እናት ጠዋት ጠዋት ከክምሩ የሚወጣውን እንፋሎት እያዩ ማማተብ ጀመሩ።

ይህ ሙቀት የመልካም ክምር ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ የሚመቻቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ ያመነጩት ሙቀት ራሳቸውን ሲገድላቸው ሙቀት ወዳዶቹ ይተኳቸዋል፤ ክምሩም እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት የቆየ ቁስ ውስጥ አብዛኛው የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስ አይተርፍም። ዳሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ክምሩን በየሳምንቱ ማገላበጥ ግድ ነው። ምግቡ ሲያልቅ ክምሩ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ አክቲኖማይሲት የሚባሉት ባክቴሪያዎች እንደ ነጭ አመድ ሆነው ይታያሉ። መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሣውን ደስ የሚል ሽታ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ከዚሁ ወገን ከሆነ ባክቴሪያ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘበትን ቤተ ሙከራ የመሩት ሴልማን ዋክስማን፣ ቀደም ሲል የብስባሽ ክምርን ያጠኑ የአፈር ሊቅ ነበሩ።

ብስባሽ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጉራጌ የከብት እበት ከቤት እየተጠረገ ወደ እንሰት ጓሮ ይገባል። በሌላው ደጋ ግን ማገዶ ስለጠፋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ናይትሮጅኑም ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ይህን ዑደት ለመመለስ ከተደረጉት ጥረቶች ጎልቶ የሚታየው በ1988 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው የብስባሽ ሥራ ነው። ሥራውን ከገበሬዎቹና ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። በተመዘኑት ማሳዎች ላይ ብስባሽ የገባበት እህል በአብዛኛው ከኬሚካል ማዳበሪያው ጋር እኩል ወይም የበለጠ ምርት ሰጥቷል። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ተወልደ በ1960ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን እንደነበሩ የዛሬ ተማሪዎች ቢያውቁ መልካም ነው። ሰር አልበርት ሃዋርድም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሕንድ ኢንዶር የቀመሩትን ዘዴ የመሠረቱት ከእስያ ገበሬዎች ልማድ ተምረው ነው።

ከተማ ግን የራሷ ጥንቃቄ አላት። የመንገድ ጥራጊ፣ የባትሪ ድንጋይና ቀለም የነካው እንጨት ከባድ ብረቶችን ስለሚያመጡ ከክምሩ መራቅ አለባቸው። የውሻና የድመት ዓይነ ምድርም እንዲሁ። አጥንትና ሥጋ አይጥ ይጠራሉ። የከሰል አመድ ከአንድ ጭብጥ ካለፈ አሞኒያውን ያባርራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይቱ ምክንያት ሥራውን ስለሚያዘገየው ጥቂት ብቻ ይጨመር። ገረባው ደግሞ ቢከታተፍ ይሻላል፤ ይህ ጸሐፊ ሳይከትፈው ጨምሮ እንጨቱን ከስድስት ወር በኋላ እንዳለ አግኝቶታል።

ክምሩ በየካቲት ደረሰ፤ ቁመቱ ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ልጣጩ ከአተላው የማይለይ ጥቁር አፈር ሆኖ ነበር። መደብ ስላልበቃ የተተከለው በጆንያ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ይለዋል፤ የዩሪያው ከረጢት ስሙን ለጆንያው አውርሶ ቀርቷል። አንድ እጅ ብስባሽ ከሁለት እጅ ቀይ አፈር ጋር ተደባልቆ ጆንያው ተሞላ፤ ጎኑ እየተበሳ ጎመን፣ አናቱ ላይ ቃሪያ ተተከለ። ብስባሽ ብቻውን ቢሆን ጨዋማነቱ ለጨቅላ ሥር ይከብዳል።

ያቺ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው የመጡት እናት በዓመቱ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ተዛወሩ። ዕቃቸው ሲጫን ከአልጋውና ከሞሰቡ ቀጥሎ አንድ ጎመን የበቀለበት ማዳበሪያ በሁለት ወጣቶች ተደግፎ መኪናው ላይ ወጣ። በሌላ ፌስታል ደግሞ ሁለት ኪሎ ያህል ያልተነፋ ብስባሽ ይዘው ነበር፤ በረንዳቸው ላይ ለሚያቆሙት የተበሳ ባልዲ እርሾ እንዲሆን።