ገደሉን ማን ቆፈረው? ከእንጦጦ እስከ አባይ በረሃ፣ ከቦሌ እስከ አዋሽ



ፈተናው ሊያልቅ ነው። ቦሌ፣ ገርጂ፣ አያትና ኮተቤ ቤተሰብ ያለን እዚሁ እንከርማለን፤ የቀረነው ሻንጣችንን አሥረን ወደየአገራችን እንበተናለን። ጎጃም የሚሄደው አባይን ይሻገራል፤ ድሬዳዋና ሐረር የሚሄደው አዋሽ ሰባት ላይ ያልፋል፤ ባሌ ለመግባት የሚጓዘው ደግሞ የሶፍ ዑመር አገር ሰው ነው። ሁሉም ዘንድ ገደል አለ። ታዲያ ገደሉ ከየት መጣ? ማንስ ቆፈረው? ክረምት ሲገባስ ስለ እርሱ ማወቃችን ምን ይጠቅመናል? በዚህ እትም ይህን እንመለከታለን።

ሁለት ዓይነት ሸለቆ

በአማርኛ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን “ሸለቆ” በሚል አንድ ቃል ስለምንጠራ ብዙ ሰው ይምታታበታል። አንደኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። ይህን ውኃ አልቆፈረውም። የምድር ቅርፊት ግራና ቀኝ ሲጎተት መሐሉ ተሰንጥቆ ወደ ታች ሰመጠ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞጆና አዳማ ስንወርድ የምንገባው ወደዚህ ነው። መጎተቱም አላበቃም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በፎቅ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተነስተው ወደ ውጭ ወጥተው ነበር።

ሁለተኛው ወንዝ የቆፈረው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጥልቅ ሸለቆ ነው። የጎጃም ሰው “አባይ በረሃ” ብሎ የሚጠራው ይህን ነው፤ ፈረንጆቹ ካንየን ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ነው።

ገደል ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?

መጀመሪያ ከፍታ ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ የሚፈስ ወንዝ ይጠማዘዛል፣ ይንጣለላል እንጂ አይቆፍርም። መሬቱ ከፍ ሲል ግን ውኃው በኃይል ይወርዳል፤ ሲወርድም ይቆርጣል። አባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሱዳን ጠረፍ ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ወርዷል። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የወንዙ ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ውኃ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ንጹሕ ውኃ ጠንካራ ድንጋይ የመቁረጥ አቅሙ አነስተኛ ነው። የሚቆርጠው ውኃው ይዞት የሚሄደው አሸዋ፣ ጠጠርና ቋጥኝ ነው። ወንዙ መጋዝ ቢሆን ጠጠሩ ጥርሱ ነው። በጋ ላይ ጠርቶ ዝግ ብሎ የሚፈሰው ወንዝ ብዙም ሥራ አይሠራም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቡና መስሎ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርደው ግን የዓመቱን ቁፋሮ በጥቂት ሳምንታት ይፈጽማል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ወጥ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋው ከሥሩ በሚገፋው ትኩስ የምድር ክፍል ከፍ እያለ መጣ። ደጋው ወደ ላይ ሲነሳ ወንዙ ወደ ታች ይቆርጣል። ተራራው ያደገውና ገደሉ የጠለቀው አብረው ነው።

አባይ በረሃ፦ የተገለጠ መጽሐፍ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ተማሪ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲጠማዘዝ የሚያየው የምድር ታሪክ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ሲገለጥ ነው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ቀጥሎ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ይህ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አካባቢው ባሕር በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ ነው፤ በውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኛል። ከዚያ ጂፕሰምና እንደ ሸክላ የሚፈረፈር ለስላሳ ድንጋይ አለ። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ደግሞ ሌላ፣ የበለጠ ያረጀ የአሸዋ ድንጋይ እናገኛለን።

የገደሉ ግድግዳ ደረጃ ደረጃ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራው ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለስላሳው ይናድና ዘቅዘቅ ያለ ሜዳ ይሆናል። የገደሉ ጥልቀት በአንዳንድ ቦታ 1,600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአንድ ጉዞ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት የምንወርደው ለዚህ ነው።

የወጣው አፈርና ድንጋይስ የት ሄደ? አባይ ተሸክሞት ወረደ። ሱዳን ውስጥ በየዳርቻው ተኛ፤ ግብፅ ደርሶ የናይልን ዴልታ ለም መሬት ሠራ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱም ይኸው ደለል ነው። በሌላ በኩል ወንዝ በገደል መካከል ተጣቦ ሲያልፍ ግድብ ለመሥራት ይመቻል፤ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ የቆመው በተከዜ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው።

የቦሌ ውኃ የት ይሄዳል?

“ይህ ሁሉ የጎጃም ነገር ነው፤ እኛ ቦሌ ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። እንጦጦን እንመልከት። የተራራው ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ሲሆን ውኃን ለሁለት የሚከፍል ድንበር ነው። በሰሜን ጀርባው የወረደ ዝናብ ወደ አባይ ገባሮች፣ ወደ እነ ሙገርና ጀማ ይሄዳል። በደቡብ ፊቱ የወረደው ደግሞ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ከተማውን አቋርጦ፣ በቡልቡላና በአቃቂ አድርጎ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። በአንድ ደመና የመጡ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ሜዲትራኒያን ባሕርን ያልማል፤ ሌላው በእኛ ሰፈር አልፎ አፋር ምድር ውስጥ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ባለው አቤ ሐይቅ ይቀራል።

በቦሌ በኩል ያለፈው ውኃም ገደል ይሠራል። አዋሽ ቆቃን አልፎ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ሲደርስ በፏፏቴ ይወረወርና የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ ቆርጦ ከ100 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ገደል ውስጥ ይገባል። ፏፏቴም ራሱ ቆፋሪ ነው። ከሥር ያለው ለስላሳ ድንጋይ ሲቦረቦር ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በመጨረሻ ይወድቃል። ፏፏቴው በዚህ ዓይነት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሸሸበት መንገድ ገደል ይሆናል።

ሰፈራችን ውስጥ ያሉት ፎቆችም ከገደል የመጡ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ የሚሠራው በእነዚያ ሸለቆዎች ውስጥ በተገለጠው የኖራ ድንጋይ ነው። ወንዙ የላዩን ባዛልት ባይቆርጠው ኖሮ ድንጋዩ በቀላሉ አይገኝም ነበር።

ሶፍ ዑመር፦ ውኃ ድንጋይ ሲያሟሟ

ባሌ ውስጥ ሌላ አሠራር እናገኛለን። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ጥቂት አሲድነት ይኖረዋል። ይህ ባዛልትን ቶሎ አይጎዳውም፤ የኖራ ድንጋይን ግን ያሟሟዋል። የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ መካከል በገደል ሲጓዝ ቆይቶ ድንገት ከመሬት በታች ይገባል፤ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ መተላለፊያዎች ያሉትን ዋሻ ሠርቶ በሌላኛው ወገን ይወጣል። ቦታው በዋሻው ተጠልለው እንደኖሩ በሚነገርላቸው በሸይኽ ሶፍ ዑመር ስም ይጠራል፤ ዛሬም ብዙ ሙስሊሞች ይዘይሩታል። እንዲህ ያለ ዋሻ ጣሪያው በዘመናት ብዛት ሲደረመስ ክፍት ገደል ይሆናል።

በሌላው ዓለም

በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ የቆፈረው ግራንድ ካንየን 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአባያችን ብዙም አይርቅም። በቲቤት ያርሉንግ ጻንግፖ የሚባለው ወንዝ ሂማላያን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ሸለቆ በዓለም ከታወቁት ሁሉ ጥልቁ ነው። በአፍሪካ የናሚቢያው ፊሽ ሪቨር ካንየን ስመ ጥር ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ ወደ ጥንታዊቷ ፔትራ የሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ መጀመሪያ በምድር እንቅስቃሴ የተሰነጠቀ፣ ኋላ ውኃ ያለሰለሰው ነው።

ገደሉ ገና ሥራ ላይ ነው

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር እንያዝ። ወንዝ በዋናነት የሚቆርጠው ቁልቁል ነው። ቁልቁል ብቻ ቢሆን ገደሉ እንደ ጉድጓድ ጠባብ ሆኖ ይቀር ነበር። ገደልን ወደ ጎን የሚያሰፋው የመሬት መንሸራተት ነው። ወንዙ ግርጌውን ይቦረቡራል፤ ዝናብ አፈሩን ያርሰዋል፣ ያከብደዋል፤ ከዚያ ዳገቱ ይናዳል። እኛ “አደጋ” የምንለው ነገር ለገደሉ የዘወትር ሥራው ነው። በአባይ በረሃ መንገዱ በየጊዜው የሚሰነጠቀውና የሚጠገነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አንረሳም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ዳገቱ ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት የተቀበረውን ሊያወጣ በእጁና በዶማ ሲቆፍር ዳገቱ ዳግመኛ ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡ ነበሩ። ወገንን ለማዳን መሮጥ ትልቅ ምግባር ነው። ግን የተናደ ዳገት ብዙ ጊዜ ድጋሚ ይናዳል። የሚቆፍሩት ሰዎች ጥቂት ሆነው፣ አንድ ሰው ከላይ ያለውን መሬት ብቻ እንዲጠብቅና ድምፅ እንዲያሰማ ቢደረግ፣ ሌላው ሰው ራቅ ብሎ ቢቆም ነፍስ ይተርፋል።

ክረምቱን በገጠር የምናሳልፍ ሁሉ ለቤተሰብና ለጎረቤት ልንነግራቸው የምንችላቸው ምልክቶች አሉ። በዳገቱ ላይ ወይም በቤቱ ወለል ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍና የአጥር እንጨት ወደ ቁልቁለቱ ሲያዘነብሉ፣ ከዚህ በፊት ደርቆ በነበረ ቦታ ምንጭ ሲፈልቅ፣ የቤቱ በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ወይም አልከፈት ሲል፣ የወንዙ ውኃ እየዘነበ ሳለ ድንገት ሲጎድል ቤቱን ለቆ ወደ ጎን ወዳለ ጽኑ መሬት መውጣት ነው። ንብረት ይቆያል።

አዲስ አበባ የምንቀረውም ነገሩ ይመለከተናል። ጣሪያና አስፋልት በበዛ ቁጥር ቀድሞ መሬት ይጠጣው የነበረው ዝናብ በአንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ይወረወራል። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ ያለው ቁልቁለት ከ800 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ላይ እንጦጦ ዘንቦ ታች ፀሐይ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በወንዝ ዳር ቤት የተከራየን፣ በእግር ድልድይ የምናቋርጥ፣ ታናናሾቻችን እዚያ የሚጫወቱ ሁሉ ይህን እናስታውስ። ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ መጣልም የውኃውን መንገድ ዘግቶ ዳርቻውን ያስበላል።

እንግዲህ በዚህ ክረምት አባይን ወይም አዋሽን ስንሻገር ከታች የሚደፈርሰውን ውኃ እንየው። ዛሬም እየቆፈረ ነው። መልካም የክረምት እረፍት፤ አላህ ጉዟችንን የሰላም ያድርግልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።