የሳሎኑን ሙዚቃ መኝታ ክፍል ያለ ዳታ መስማት ይቻላል፤ አሮጌ ላፕቶፕና ዋይፋይ ይበቃል

የብዙ ቤት ሙዚቃ ተበታትኖ ነው ያለው። ግማሹ አባት ስልክ ላይ ባለ ሚሞሪ ካርድ፣ ግማሹ መኪና ላይ በተሰካ ፍላሽ፣ የቀረው ደግሞ ማንም በማይከፍተው ላፕቶፕ ውስጥ። ሳሎን ያለው ዘፈን መኝታ ክፍል የለም። ስለዚህ መኝታ ክፍል ያለው ልጅ ያንኑ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ፈልጎ እንደገና በዳታ ይሰማዋል።

ሒሳቡን እንየው። በ128 ኪሎቢት ጥራት ያለ ሙዚቃ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይፈጃል። በቀን 3 ሰዓት የሚሰማ ሰው በወር 5 ጊጋባይት አካባቢ ጨረሰ ማለት ነው። በ320 ኪሎቢት ከሆነ ደግሞ ወደ 13 ጊጋባይት ይጠጋል። ይሄ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቪዲዮ ከተጨመረበት ሌላ ወሬ ነው።

መፍትሔው እቤታችሁ አለ። ሙዚቃውን አንድ ቦታ ሰብስባችሁ የቤቱ ስልክ ሁሉ ከዚያ እንዲሰማ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሰርቨር ሲባል አትደንግጡ

ሰርቨር ማለት ሌሎች መሣሪያዎች ሲጠይቁት ፋይል የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው፣ በቃ። እንደ ሱቅ አስቡት፤ ስልካችሁ "ያን ዘፈን" ይላል፣ ላፕቶፑ ያቀብላል። ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ኪቦርዱ ግማሹ የማይሠራ ላፕቶፕም ይሆናል። 4 ጊጋባይት ራም ካለው ለሙዚቃ ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ላፕቶፑና ስልኩ ከአንድ ራውተር ጋር ከተገናኙ ዘፈኑ የሚሄደው ከላፕቶፕ ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ስልክ ነው። ከቤት አይወጣም። ስለዚህ ከፓኬጃችሁ ላይ ምንም አይቀነስም። ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ክፍያው ቢያልፍ እንኳ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ሙዚቃው ይሠራል።

ቀላሉ መንገድ፦ ፎልደር ሼር ማድረግና ቪኤልሲ

ምንም አዲስ ነገር ላፕቶፑ ላይ መጫን የማይፈልግ በዚህ ይጀምር።

1. ሙዚቃውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ።
2. ዊንዶውስ ላይ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ወደ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ወደ ሼሪንግ ግቡና ሼር አድርጉት።
3. የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርኩን ከ"ፐብሊክ" ወደ "ፕራይቬት" ቀይሩት። ፐብሊክ ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ላፕቶፑን ከሌሎች ይደብቀዋል።
4. ስልካችሁ ላይ ቪኤልሲን አውርዱ፤ ነፃ ነው። የኔትወርክ ዝርዝሩን ስትከፍቱ የላፕቶፑ ስም ይመጣል። የላፕቶፑን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ስታስገቡ ፎልደሩ ይከፈታል።

በዚህ ብቻ መስማት ትችላላችሁ። ችግሩ የምታዩት የፋይል ዝርዝር ብቻ መሆኑ ነው። 50 ዘፈን ላለው ሰው ምንም አይልም። 3 ሺህ ዘፈን ላለው ግን መፈለጉ ራሱ ሥራ ነው።

የተሻለው መንገድ፦ ናቪድሮም

ናቪድሮም ነፃ የሆነ የሙዚቃ ሰርቨር ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ይሠራል። ሥራው ፎልደራችሁን አንብቦ በዘፋኝ፣ በአልበምና በዓመት ከፋፍሎ ማቅረብ ነው። የአልበም ሽፋን ያሳያል፣ ፕሌይሊስት ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባልም የራሱን አካውንት መክፈት ይቻላል። የእናታችሁ ምርጫ ከእናንተ ጋር አይቀላቀልም ማለት ነው።

ስትጭኑት የሙዚቃው ፎልደር የት እንዳለ ትነግሩታላችሁ። ፋየርዎል "ይለፍ ወይ?" ብሎ ከጠየቃችሁ ለፕራይቬት ኔትወርክ ፍቀዱ። ብዙ ሰው "አልሠራ አለኝ" የሚለው እዚህ ጋ ሳያነብ ስለሚዘጋው ነው። ከዚያ የስልካችሁን ብሮውዘር ከፍታችሁ የላፕቶፑን አድራሻ ጻፉ። ለምሳሌ የላፕቶፑ አድራሻ 192.168.1.10 ከሆነ 192.168.1.10:4533 ብላችሁ ነው የምትገቡት። የላፕቶፑ አድራሻ በዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ አለ። መጀመሪያ የገባ ሰው የአስተዳዳሪ አካውንት ስለሚፈጥር ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ ራሳችሁ ግቡ።

ሁለት ነገር እንዳትረሱ። አንደኛ፣ ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ከፓወር ሴቲንግ አስተካክሉት። እሱ ከተኛ ሙዚቃውም ይተኛል። ሁለተኛ፣ ራውተሩ ለላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ አድራሻ እንዲሰጠው ከራውተሩ ሴቲንግ ላይ አስይዙለት። ካለበለዚያ አንድ ቀን አድራሻው ይቀየርና "ትናንት ይሠራ ነበር እኮ" ትላላችሁ።

ጥላሁን ገሠሠ ሦስት ሰው ሆኖ ሲመጣ

ይሄ የኛ የራሳችን ጣጣ ነው። ፕሮግራሙ ዘፋኙን የሚያውቀው ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው ስም ነው። አንዱ ፋይል ላይ "ጥላሁን ገሠሠ"፣ ሌላው ላይ "ጥላሁን ገሰሰ"፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው። ለእኛ ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ ነው፤ ለእሱ ግን ሁለት ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው፤ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ስትፈልጉም በአንዱ ከጻፋችሁ በሌላው የተጻፈው አይወጣም።

ከሰው ፍላሽ የተገለበጡ ፋይሎች ደግሞ ይብሳሉ። የዘፋኙ ስም ቦታ ላይ የገለበጠው ሱቅ ስልክ ቁጥር ይኖራል፣ ወይም "ትራክ 01" ብቻ፣ ወይም ዝም ብሎ የጥያቄ ምልክት።

ኤምፒ3ታግ የሚባል ፕሮግራም አለ። አንድ ሙሉ አልበም በአንዴ መርጣችሁ የዘፋኙን ስም አንዴ ጽፋችሁ ትጨርሳላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ ይስማማ። ሁሉም በአማርኛ ወይም ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል፤ ከተቀላቀለ እንደገና መጀመር ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም። በቀን አንድ አልበም ብትሠሩ ግን ሳይታወቃችሁ ያልቃል።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ምን ይቀመጥ?

"ብሉቱዝ እያለ ለምን ይሄ ሁሉ?" የሚል ይኖራል። የተለመደው ብሉቱዝ 10 ሜትር አካባቢ ነው የሚደርሰው፣ እሱም መሐል ላይ ግድግዳ ከሌለ። ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢ ስትወጡ ይቆራረጣል። ስልክ ሲደወል ሙዚቃው ይቆማል።

የሚሻለው በሁለተኛው ክፍል ከስፒከሩ ጎን አንድ አሮጌ ስልክ ማስቀመጥ ነው። ሲም አያስፈልገውም፤ ዋይፋይ ብቻ ይበቃዋል። ስልኩን በኦክስ ገመድ ከስፒከሩ ጋር አገናኙት፣ ናቪድሮምን ክፈቱ፣ አለቀ። አልትራሶኒክ የሚባለው ነፃ አፕም ከናቪድሮም ጋር ይሠራል፤ ስክሪኑ ሲጠፋ እንዳይቆምባችሁ ከብሮውዘር ይልቅ እሱ ይመረጣል።

ሁለቱም ክፍል አንድ ዘፈን በአንድ ጊዜ?

እስካሁን ያየነው እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ዘፈን የሚሰማበትን ነው። በዓል ሆኖ ሳሎንም ጓዳም አንድ ዘፈን እንዲጫወት ስትፈልጉ ነገሩ ይከብዳል። ሁለት ስልክ ላይ እኩል "ፕሌይ" ብትጫኑ እንኳ ትንሽ ይቀዳደማሉ። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ 10 ሜትር ለመሄድ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። በሁለቱ ስፒከሮች መሐል ያለው ልዩነት ከዚህ በጣም ከበለጠ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ዘፈኑን እንደ ገደል ማሚቶ ሁለቴ ይሰማዋል።

ለዚህ የተሠራው ስናፕካስት ነው። ዘዴው ብልህ ነው። ሰርቨሩ ድምፁን በትንንሹ ቆርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ "በዚህች ሰዓት አጫውተው" የሚል ማኅተም ያደርግበታል። ቀድሞ የደረሰው ስልክ ሰዓቱ እስኪደርስ ይጠብቃል። ለዚህ ሲባል ሙዚቃው ከ1 ሰከንድ በኋላ ነው መሰማት የሚጀምረው፤ ግን ሁሉም ክፍል እኩል ይጀምራል።

ስናፕካስት ግን ለጀማሪ አይደለም። ሰርቨሩን ሊኑክስ ላይ መጫን፣ ከዚያም ኤምፒዲን የመሰለ ማጫወቻ ከእሱ ጋር ማገናኘት ይጠይቃል። ለአንድሮይድ መቀበያ አፕ አለው። ስፒከሩን ግን በገመድ አገናኙት፤ ብሉቱዝ የራሱን መዘግየት ጨምሮ ድካማችሁን ከንቱ ያደርገዋል።

ዋይፋዩ እዚያ ካልደረሰ

ሙዚቃ ትልቅ ፍጥነት አይፈልግም። ኤምፒ3 ከግማሽ ሜጋቢት በታች ይበቃዋል። ስለዚህ ራውተራችሁ ሁለት ኔትወርክ ካለው ለሩቁ ክፍል 2.4 ጊጋኸርዙን ምረጡ። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል።

ግድግዳውም ይለያያል። ብረት የገባበት ኮንክሪት ከባድ ነው። ከሁሉ የከፋው ቆርቆሮ ነው፤ ብረት ስለሆነ ሞገዱን መልሶ ያንፀባርቀዋል። ግድግዳው ቆርቆሮ ለሆነ ሰርቪስ ቤት ራውተሩን በመስኮት ወይም በበር አቅጣጫ ማዞር ከምንም ነገር በፊት መሞከር ያለበት ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ወይም ቴሌቪዥን ጀርባ የተደበቀ ራውተር ካለም አውጡት።

ዋይፋዩ ደርሶ ስልኩ ላፕቶፑን ካላየው ደግሞ ስልኩ "ጌስት" በሚባለው የእንግዳ ኔትወርክ ላይ መሆኑን እዩ። እሱ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል።

መብራት ሲጠፋ

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። ብዙ የቤት ራውተር በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የእናንተን ቻርጀሩ ላይ አንብቡ። ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ አለ። እሱ ከሌለ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሞባይል ዳታውን አጥፍታችሁ ሆትስፖት ብቻ መክፈት ትችላላችሁ። ላፕቶፑም የመኝታ ክፍሉ ስልክም በዚያ ይገናኛሉ፣ ያለ አንዲት ሜጋባይት። የላፕቶፑ አድራሻ ስለሚቀየር ግን አዲሱን ማየት አትርሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

👉 ሌሊትና ቀን የተሰካ አሮጌ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። የላፕቶፑ ወይም የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወዲያው መጠቀም አቁሙ። አልጋ ወይም ፍራሽ ላይም አታስቀምጡ።

👉 የመብራት ሒሳቡ አያስፈራም። 15 ዋት የሚፈጅ ላፕቶፕ ወር ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ 11 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው።

👉 "ከውጭም እንድሰማ" ብላችሁ ራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት በር አትክፈቱ። እናንተ የምትገቡበት በር ለማታውቁት ሰውም በር ነው።

👉 የተገዛ ሙዚቃ እቤት ውስጥ መስማትና ቴሌግራም ላይ መበተን አንድ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ አለ፣ ከአዋጁ ጀርባም ከሥራው እንጀራ የሚበላ አርቲስት አለ።

👉 ሁሉንም ነገር አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አታስቀምጡ። ሃርድ ዲስክ ሳይናገር ነው የሚሞተው። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ያዙና የሌላ ሰው ቤት አኑሩት።

ዋናው ነገር ግን ካሴቱ ነው

አዲስ ዘፈን ቢጠፋ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። የማይገኘው ሌላ ነው። በብዙ ቤት በካርቶን ውስጥ የሠርግ ዘፈን የተቀዳበት፣ ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በደብዳቤ ፋንታ የተላከ ድምፅ ያለበት፣ አያት ተረት የሚያወሩበት ካሴት አለ። እነዚህን የትኛውም የሙዚቃ አፕ አይሸጣቸውም። ክሩ ደግሞ በየዓመቱ እየደከመ ነው።

የሚሠራ ቴፕ ካገኛችሁ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን በገመድ ከላፕቶፑ የድምፅ ማስገቢያ ጋር አገናኙ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቅዱት። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። ሳይጨመቅ ብትይዙት ወደ 600 ሜጋባይት ይሆናል፤ ፍላክ በሚባለው ፎርማት ከያዛችሁት ጥራቱ ሳይቀንስ መጠኑ በጣም ያንሳል። ስም ስትሰጡት ማን እንደሚናገር፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጻፉ። ይሄን የሚያውቁት ታላላቆች አጠገባችሁ እያሉ ጠይቁ።

ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ጨምሩት። በሁለተኛው ክፍል ያለው ስፒከር የአያትን ድምፅም ማጫወት ይችላል።